ኩላሊት ላይ እብጠት ሲገኝ፦ ሲቲ ስካን፣ ኤምአርአይ ወይስ ሌላ?

ብዙ ሰው ኩላሊቱ ላይ እብጠት እንዳለ የሚያውቀው ኩላሊቱን ሳያመው ነው። ለጨጓራ ወይም ለሐሞት ጠጠር ብሎ አልትራሳውንድ ይነሳል። ሪፖርቱ ግርጌ ላይ አንዲት መስመር ትመጣለች፦ በግራ ኩላሊት 2.5 ሴንቲሜትር እብጠት፣ ሲቲ ስካን ይመከራል። ዛሬ ከሚታወቁት የኩላሊት ካንሰሮች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት እንዲህ በአጋጣሚ የተገኙ ናቸው። የጎን ሕመም፣ ደም የቀላቀለ ሽንትና በእጅ የሚዳሰስ እብጠት፣ ሦስቱም አንድ ላይ ይዘውት የሚመጣ ሰው አሁን ጥቂት ነው።

ከዚያ ምክር ይዘንባል። አንዱ «ኤምአርአይ ተነሳ፣ ጨረር የለውም» ይላል። ሌላው «ሲቲ ይበቃል» ይላል። ሦስተኛው «በመርፌ ናሙና ይውሰዱና እንገላገል» ይላል። እኔ ግን በዚህ ጉዳይ ሰው በብዛት የሚጎዳው ሲቲን ከኤምአርአይ መምረጥ አቅቶት አይመስለኝም። የሚጎዳው ሲቲ የሚባለው ነገር ሁሉ አንድ ዓይነት ስለሚመስለው ነው። በትክክል የተነሳ ሲቲ አብዛኛውን ጥያቄ ይመልሳል። ዝም ብሎ የተነሳ ሲቲ ደግሞ ገንዘብና ጨረር ያስከፍልና «ተጨማሪ ምርመራ ያስፈልጋል» የሚል ወረቀት ያስይዛል።

ማሽን ከመምረጥዎ በፊት ሐኪሙ ማወቅ የሚፈልገውን ይወቁ። መጀመሪያ፣ ያበጠው ነገር ውሃ ነው ወይስ ሥጋ? ሥጋ ከሆነ ውስጡ ስብ አለው? ደም ይሄድበታል? ካንሰር ቢሆንስ የት ድረስ ደርሷል? እያንዳንዱ ምርመራ ከእነዚህ አንዱን በደንብ፣ ሌላውን በግማሽ ይመልሳል።

አልትራሳውንድ የሚበቃበት ጊዜ

አልትራሳውንድ ርካሽ ነው፣ ጨረር የለውም፣ በየከተማው አለ። ውሃን ከሥጋ በመለየት ረገድ የሚናቅ አይደለም። እብጠቱ ውስጡ ጥቁር ሆኖ ከታየ፣ ግድግዳው ስስና ለስላሳ ከሆነ፣ ከጀርባው ያለው አካል ደምቆ ከታየ፣ ያ ተራ ሲስት ነው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት ማለት ነው። ዕድሜ እየገፋ ሲሄድ በጣም የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ምንም አያደርግም። በዚህ ጊዜ ሲቲ አያስፈልግዎትም። «ለማንኛውም ብነሳ ይሻላል» የሚለው ሐሳብ እዚህ ላይ ትርፉ ጨረርና ወጪ ብቻ ነው።

ድክመቱም ግልጽ ነው። የሚያነሳው ሰው ልምድ ይወስነዋል። ወፈር ባለ ሰው ላይ ምስሉ ይደበዝዛል። ትንንሽ እብጠቶች ከኩላሊቱ ሥጋ ጋር አንድ ዓይነት መልክ ስለሚኖራቸው ሊያመልጡት ይችላሉ። በተቃራኒው ደግሞ የሌለ እብጠት ያሳያል። አንዳንድ ሰው ኩላሊቱ በተፈጥሮው ጎርበጥ ያለ ነው፤ የኩላሊቱ ቅርፊት ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ዕጢ የሚመስልበት ሰውም አለ። እነዚህን ሲቲ በቀላሉ ይለያቸዋል፤ ኮንትራስት (ደም የሚሄድበትን አካል በምስሉ ላይ የሚያደምቅ፣ በደም ሥር የሚሰጥ መድኃኒት) ሲሰጥ ልክ እንደ ጤነኛው ኩላሊት ስለሚሆኑ ነው።

በአልትራሳውንድ ጠጣር የሆነ፣ ወይም ውስጡ ክፍልፋይ ያለው፣ ወይም ግድግዳው የወፈረ ነገር ከታየ ወደሚቀጥለው መሄድ ግድ ነው።

አንድ ስም ያላቸው ሦስት ሲቲዎች

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው፤ ረጋ ብለን እንየው።

ሲቲ ስካን የሚያነሳው ምስል ከጀርባው ቁጥር አለው። እያንዳንዷ ነጥብ ጨረሩን ምን ያህል እንዳስቀረች በሀውንስፊልድ ዩኒት ይለካል። ስያሜው የእንግሊዛዊው መሐንዲስ የጎድፍሬይ ሀውንስፊልድ ነው። እሱ የሠራው ማሽን በ1971 ለንደን ውስጥ የመጀመሪያውን ታካሚ አነሳ። በ1979 ከአለን ኮርማክ ጋር የኖቤል ሽልማት አገኘበት። በዚህ መለኪያ ውሃ 0 ነው። አየር ከዜሮ በታች 1000 ነው። ስብም ከዜሮ በታች ይወርዳል። የኩላሊት ሥጋ ያለ ኮንትራስት ከ30 እስከ 40 አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ ራዲዮሎጂስቱ፣ ማለትም ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ እብጠቱን በዓይን ከማየት አልፎ መሐሉ ላይ ክብ አስቀምጦ ቁጥሩን ያነባል።

አንደኛው ሲቲ ያለ ኮንትራስት የሚነሳው ነው። ለጠጠር የሚታዘዘው በብዛት ይሄ ነው። ለእብጠት ሦስት ነገር ብቻ በእርግጠኝነት ይነግራል። እብጠቱ ወጥ ሆኖ ቁጥሩ ከዜሮ በታች 9 እስከ ከዜሮ በላይ 20 ባለው መካከል ከሆነ ውሃ ነው፣ አደገኛ አይደለም። ወጥ ሆኖ ከ70 በላይ ከሆነ ደም የቋጠረ ሲስት ነው፣ እሱም አደገኛ አይደለም። ውስጡ ቁጥሩ ከዜሮ በታች 10ን አልፎ የሚወርድ ስብ ከተገኘ ደግሞ ሁልጊዜ ማለት ይቻላል አንጂዮማዮሊፖማ የሚባለው፣ ካንሰር ያልሆነው ዕጢ ነው። ስብና የካልሲየም ክምችት አብረው ከታዩ ግን ሐኪሙ ካንሰርንም ያስባል። ቁጥሩ ከ20 እስከ 70 መካከል ከወደቀ ያለ ኮንትራስት የተነሳው ሲቲ መልስ የለውም። በቃ፣ የለውም። ደጋግሞ ቢያዩትም አይመጣም።

ሁለተኛው በኮንትራስት ብቻ የሚነሳው ነው። ለሆድ ሕመም፣ ለጉበት፣ ለአደጋ ይታዘዛል። ኮንትራስቱ በደም ሥር ይሰጣል፣ 70 ሴኮንድ ገደማ ይጠበቃል፣ አንድ ጊዜ ይነሳል፣ አለቀ። ምስሉ ያምራል። ችግሩ ግን እንዲህ ነው። እብጠቱ 60 ቁጥር አነበበ እንበል። መጀመሪያውኑ 60 የነበረ፣ ወፍራም ፈሳሽ የያዘ ሲስት ሊሆን ይችላል። 30 የነበረና በኮንትራስቱ ወደ 60 ያደገ ጠጣር ዕጢም ሊሆን ይችላል። ከኮንትራስቱ በፊት ያለው ምስል ከሌለ ሁለቱን መለየት ከባድ ነው። አንዱ ዕድሜ ልክ ምንም አያደርግም፤ ሌላው ቢላ ሊያስፈልገው ይችላል። ብዙ ታካሚ ለሁለተኛ ጊዜ ሲቲ የሚነሳው በዚህች ክፍተት ነው።

ሦስተኛው ለኩላሊት እብጠት ተብሎ የሚነሳው ነው። መጀመሪያ ያለ ኮንትራስት ይነሳል። ከዚያ ኮንትራስት ተሰጥቶ በተመረጡ ሰዓቶች ይደገማል። ከ30 እስከ 40 ሴኮንድ አካባቢ የኩላሊቱ ቅርፊት ይደምቃል፣ መሐሉ ገና ጨለማ ነው። በዚህ ሰዓት ደም ቅዳዎቹ በደንብ ይታያሉ። ብዙ ደም የሚወስደው፣ በጣም የተለመደው የኩላሊት ካንሰር ዓይነትም አብሮ ቦግ ይላል። ግን መሐል ላይ ያለች ትንሽ ዕጢ በጨለማው ውስጥ ልትደበቅ ትችላለች። ከ80 እስከ 120 ሴኮንድ ባለው ጊዜ ኩላሊቱ በሙሉ እኩል ይደምቃል። እብጠትን ለማግኘት የሚመረጠው ይህ ሰዓት ነው። ከደቂቃዎች በኋላ ደግሞ ኮንትራስቱ ወደ ሽንት ይወጣል። ሽንትዎ ላይ ደም ከነበረ ወይም እብጠቱ የሽንት መተላለፊያው አጠገብ ከሆነ ይህ የመጨረሻው ምስል ያስፈልጋል። ሌላ ጊዜ ሊቀር ይችላል። ሁሉም ሰው አራቱንም ምስል መነሳት አለበት ብሎ ነገር የለም።

አሁን ሂሳቡ ቀላል ነው። ከኮንትራስት በኋላ ያለው ቁጥር ሲቀነስ በፊት ያለው። ልዩነቱ 20 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እብጠቱ ደም ይሄድበታል። ከ10 በታች ከሆነ አይሄድበትም። በ10 እና በ20 መካከል ያለው አጠራጣሪ ነው። ለዚያ ነው ያለ ኮንትራስት የተነሳችውን የመጀመሪያ ምስል «ለምን ተጨማሪ ጨረር» ብሎ ማስቀረት የሚቆጨው።

ከመነሳትዎ በፊት የማዘዣውን ወረቀት ይዩት። «ሆድ ሲቲ» ብቻ የሚል ከሆነ ሐኪሙን ይጠይቁ፦ «ለኩላሊቱ እብጠት ነው፣ ያለ ኮንትራስትም በኮንትራስትም ይነሳል?» ይህን መጠየቅ ድፍረት አይደለም። «ኮንትራስት ስለሌለ እንዲሁ ይነሱ» ከተባሉም ቸኩለው አይተኙ። ለጠጠር ካልሆነ በቀር ሌላ ቀን ወይም ሌላ ቦታ ሙሉውን መነሳት ሁለቴ ከመክፈል ያድናል።

ሲቲ የማይመልሰው

ደም የሚሄድበት ጠጣር ዕጢ ሁሉ ካንሰር አይደለም። ይህን ብዙ ሰው አይሰማም። 4 ሴንቲሜትርና ከዚያ በታች ከሆኑት ዕጢዎች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ካንሰር ያልሆነ ሆኖ ይገኛል። እያነሰ በሄደ ቁጥር ይህ ዕድል ይጨምራል።

ሲቲ እዚህ ላይ እጁን ይሰጣል። ኦንኮሳይቶማ የሚባለው አደገኛ ያልሆነ ዕጢ በሲቲ ሲታይ ከካንሰር ጋር መንታ ነው። መሐሉ ላይ ኮከብ የመሰለ ጠባሳ ሊኖረው ይችላል፤ ግን አንዳንዱ ካንሰርም አለው። ስቡ በጣም ያነሰ አንጂዮማዮሊፖማም እንዲሁ ያደናግራል። ከ1 ሴንቲሜትር በታች የሆነች እብጠት ላይ ደግሞ ቁጥሩ ራሱ አይታመንም። በጣም የደመቀ ኩላሊት የከበባት ትንሽ ሲስት ምንም ደም ሳይሄድባት ቁጥሯ ከፍ ብሎ ሊነበብ ይችላል።

ሪፖርቱ ላይ «ካንሰር ሊሆን ይችላል» የሚል ሐረግ ሲያዩ ይህን ያስታውሱ። ራዲዮሎጂስቱ የሚናገረው ስለ ዕድል ነው።

እብጠቱ ውሃና ሥጋ የተቀላቀለበት ከሆነ ደግሞ ሪፖርቱ ላይ ቦስኒያክ የሚል ቃልና የሮማ ቁጥር ይመጣል። አሜሪካዊው ራዲዮሎጂስት ሞርተን ቦስኒያክ በ1986 ያወጣው አመዳደብ ነው። በ2019 ታድሶ ኤምአርአይንም ጨምሯል። አንደኛና ሁለተኛ ክፍል ከሆነ ይርሱት። ሦስተኛው ግማሽ በግማሽ ካንሰር የመሆን ዕድል አለው። አራተኛው ከአሥሩ ዘጠኙ ገደማ ካንሰር ነው። በሁለተኛና በሦስተኛ መካከል «ሁለት ኤፍ» (IIF) የሚባል አለ። እሱ በክትትል ይታያል፦ በ6 ወር፣ በ12 ወር፣ ከዚያ በየዓመቱ እስከ 5 ዓመት። አብዛኛው ባለበት ይቆያል። «ሁለት ኤፍ» የተባለ ሰው ወዲያው ቀዶ ሕክምና ልግባ ቢል አልደግፈውም።

ኤምአርአይ የሚያሸንፍበት፣ የሚሸነፍበት

ኤምአርአይ ጨረር የለውም። ፈሳሽን ከሥጋ በመለየት የተዋጣለት ነው። ጥቂት ደም ብቻ የሚሄድባቸውን ዕጢዎች ከሲቲ በተሻለ ይይዛል። በሲቲ ልዩነቱ በ10 እና በ20 መካከል ወድቆ ያጠራጠረው እብጠት ወደ ኤምአርአይ መሄዱ ትክክል ነው። ካንሰሩ በኩላሊቱ ደም መልስ በኩል ወደ ትልቁ ደም መልስ ገብቶ ከሆነ የት ድረስ እንደወጣ ለማየትም ይመረጣል። ቀዶ ሐኪሙ ከድያፍራም በላይ ነው በታች የሚለውን ሳያውቅ አይገባም።

ኤምአርአይን መጀመሪያ መምረጥ ያለባቸው ሰዎችም አሉ። ነፍሰ ጡሮች፤ እነሱም ያለ ጋዶሊኒየም፣ ማለትም ያለ ኤምአርአይ ኮንትራስት፣ ነው የሚነሱት። ለሲቲው የአዮዲን ኮንትራስት ከባድ አለርጂ ያሳዩ። በዘር የሚመጣ የኩላሊት ዕጢ ያለባቸውና ዕድሜ ልካቸውን በየጊዜው መነሳት ያለባቸው፣ ለምሳሌ ቮን ሂፐል ሊንዳው ወይም ቱበረስ ስክለሮሲስ ያለባቸው። 46 ዓመት ሳይሞላው የኩላሊት ዕጢ የተገኘበት ሰው ስለ ዘር ምርመራ ሐኪሙን ቢጠይቅ ጥሩ ነው።

አሁን ሌላኛው ጎን። ኤምአርአይ ብዙውን ጊዜ ከ30 ደቂቃ በላይ ይወስዳል። ሲቲ በደቂቃዎች ያልቃል። በኤምአርአይ ጠባብ ቱቦ ውስጥ ተኝተው ደጋግመው ትንፋሽ መያዝ አለብዎት። ትንፋሽ መያዝ የማይችል ሰው ምስሉ ይደበዝዝበታል፤ ያ ምስል ከጥሩ ሲቲ ያንሳል። የካልሲየም ክምችትን በደንብ አያሳይም። የልብ ምት ማስተካከያ ያለበት ወይም ሰውነቱ ውስጥ ብረት ያለ ሰው አስቀድሞ መናገር አለበት። ዋጋውም በብዛት ከሲቲ ይበልጣል።

አንድ የማይነገር ነገር ልጨምር። ኤምአርአይ ቀጫጭን ክፍልፋዮችን አጉልቶ ያሳያል። በሲቲ ሁለተኛ ክፍል የነበረ ሲስት በኤምአርአይ «ሁለት ኤፍ» ወይም ሦስተኛ ሊባል ይችላል። እብጠቱ አልከፋም፤ የሚያየው ዓይን ተለወጠ እንጂ። ስለዚህ ሲቲው በግልጽ «ተራ ሲስት» ካለዎት ለማረጋገጥ ብለው ኤምአርአይ አይፈልጉ።

ጤነኛ ኩላሊት ያለው ሰው በአልትራሳውንድ ጠጣር ዕጢ ቢገኝበት እኔ የምለው፦ በትክክል የታዘዘ ሲቲ ይቅደም። የደም ሥሮቹን ካርታ ያወጣል፣ የሊምፍ ዕጢዎችን፣ ጉበትንና የጎረቤት አካላትን አብሮ ያሳያል። ቀዶ ሐኪሙ ዕጢውን ብቻ ቆርጦ ኩላሊቱን ማትረፍ ይችል እንደሆነ የሚያቅደው በዚህ ምስል ነው።

የኮንትራስት ፍርሃት

«ኮንትራስት ኩላሊት ይገድላል» የሚለው ወሬ ከእውነታው እጅግ ተጋኗል። ጥንቃቄ የሚፈልገው የኩላሊቱ የማጣራት አቅም (በላብራቶሪ ወረቀት eGFR የሚባለው ቁጥር) ከ30 በታች የወረደ ወይም ኩላሊቱ በድንገት የተጎዳ ሰው ነው። በደም ምርመራ የሚለካው ክሬቲኒን ብቻውን አያሳይም፤ ዕድሜና ፆታ ገብቶበት የሚሰላውን ይህን ቁጥር ይጠይቁ። አቅሙ ከ30 በታች ሆኖም ሲቲው የግድ ከሆነ በደም ሥር ፈሳሽ እየተሰጠ ሊነሳ ይችላል። ሽንት ጨርሶ የማይሸና የዳያሊስስ ታካሚ ደግሞ የሚጎዳ የማጣራት አቅም ስላልቀረው ኮንትራስቱ በዚህ በኩል አያሰጋውም።

የስኳር መድኃኒቱ ሜትፎርሚንም እንዲሁ። የኩላሊት አቅማቸው ከ30 በታች የሆኑ ሰዎች በምርመራው ሰዓት አቁመው ለ48 ሰዓት ይቆያሉ። ኩላሊቱ ደህና የሆነ ሰው ማቆም አያስፈልገውም። ይህን ግን ከሐኪምዎ ጋር እንጂ ለብቻዎ አይወስኑ።

ዓሣ ወይም ሌላ የባሕር ምግብ የማይስማማው ሰው ኮንትራስት አይችልም የሚባለው ተረት ነው። የሚያሳስበው ከዚህ በፊት በዚያው ዓይነት ኮንትራስት ያበጠ፣ ያሳከከው ወይም ትንፋሽ ያጠረው ሰው ነው። ለእሱ ስቴሮይድ ቀድሞ ይሰጣል፣ ወይም ሌላ ምርመራ ይመረጣል።

መድኃኒቱ ሲገባ ሰውነት በሙሉ ይሞቃል። አፍ ውስጥ የብረት ጣዕም ይመጣል። ሽንት ያመለጠ ይመስላል። አላመለጠም፤ ብዙ ሰው የሚሰማው ነው፣ በደቂቃ ውስጥ ያልፋል። ይህን ቀድሞ ያልተነገረው ሰው ደንግጦ ሲንቀሳቀስ ምስሉ ይበላሻል።

ስለ ጨረር ደግሞ ቁጥሩን ልስጥዎት። የሆድና የዳሌ ሲቲ አንድ ጊዜ ሲነሳ ወደ 8 ሚሊሲቨርት (የጨረር መለኪያ) ነው። ያለ ኮንትራስትና በኮንትራስት ሲሆን ወደ 15 ይደርሳል። ሰው ከአካባቢው በተፈጥሮ በዓመት የሚያገኘው በአማካይ 2.4 ነው። ብዙ ነው፣ ግን ለ60 ዓመት ሰው የካንሰር ጥያቄን ለመመለስ ተገቢ ዋጋ ነው። ለ25 ዓመት ወጣት በየ6 ወሩ መደጋገም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ለኩላሊት እብጠት ብቻ ከሆነ ያለ ኮንትራስት የሚነሳውን ክፍል ኩላሊቱ ላይ ብቻ ማሳጠር ይቻላል። ጥሩ ቴክኒሻን ይህን ሳይነግሩት ያደርገዋል።

በመርፌ ናሙና መውሰድ

ባዮፕሲ ዕጢው ምን እንደሆነ በስሙ የሚጠራ ብቸኛው ምርመራ ነው። ታዲያ ለምን ሁሉም ሰው አይወሰድለትም? መልሱ ቢመጣም ሕክምናውን የማይለውጥበት ጊዜ ስላለ ነው። ጤነኛ የ50 ዓመት ሰው 6 ሴንቲሜትር ጠጣር ዕጢ ካለው፣ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ወደ ቀዶ ሕክምና ነው የሚኬደው። ከአሥር ሰው በአንዱ ወይም ከዚያ በትንሹ ከፍ ባለ ቁጥር ደግሞ ናሙናው ምንም መልስ ሳይሰጥ ይቀራል። ያ ማለት ካንሰር የለም ማለት አይደለም።

የሚጠቅምበት ቦታ ግን በጣም ይጠቅማል። ሌላ ቦታ ካንሰር የነበረበት ሰው ኩላሊቱ ላይ እብጠት ሲገኝ። ሊምፎማ የሚባለው የሊምፍ ካንሰር ሲጠረጠር። ዕጢውን በሙቀት ወይም በቅዝቃዜ ከማጥፋት በፊት። በዕድሜ የገፋ ወይም የልብ ሕመም ያለበት ሰው በክትትል መቆየት ወይም መታከም ሲያመነታ። ዕጢው ጠጣር ይሁን ብቻ፤ ውሃ በበዛበት ሲስት ላይ ባዮፕሲ ደካማ ነው።

ለኛ አገር አንባቢ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከብትና ውሻ አብረው በሚኖሩበት አካባቢ የኖረ ሰው ኩላሊቱ ላይ ብዙ ክፍል ያለው፣ ግድግዳው በካልሲየም የደረቀ ሲስት ቢገኝበት ሃይዳቲድ ሊሆን ይችላል። ከውሻ በሚተላለፍ ትል የሚመጣ ነው። ኩላሊት ላይ ብዙ አይታይም፣ ግን አለ። እሱን ሳያስቡ በመርፌ መውጋት ፈሳሹ ከፈሰሰ ከባድ አለርጂ ሊያመጣ ይችላል። እንደዚሁ ትኩሳትና የጎን ሕመም ያለበት ሰው ላይ የታየ እብጠት መግል ሊሆን ይችላል። ቲቢም ኩላሊት ያጠቃል። ስለዚህ ለራዲዮሎጂስቱ የሚሰጠው ወረቀት ላይ ትኩሳት ነበረ ወይ፣ የት አገር ኖሩ የሚለው ቢጻፍ ምስሉን የማንበብ ሥራው ግማሽ ይቀላል።

በጥቃቅን የጋዝ አረፋ ኮንትራስት የሚነሳ አልትራሳውንድም አለ። አረፋዎቹ በሳንባ ስለሚወጡ ኩላሊት አይነኩም፤ ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ጥሩ ነው፣ በየቦታው ግን አይገኝም። በተለመደው ስኳር የሚሠራው ፔት ስካን ለኩላሊት ዕጢ አይመረጥም፤ ስኳሩ ራሱ በኩላሊት ስለሚወጣ ዕጢውን ይሸፍነዋል። ሕፃናት ደግሞ የራሳቸው መንገድ አላቸው። ከ5 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሆዱ ላይ እብጠት ከተዳሰሰ በአልትራሳውንድ ይጀመራል፣ ከዚያ በቶሎ የሕፃናት ካንሰር ሐኪም ጋ ይኬዳል።

ለክትትል የትኛው ይሻላል

ትንሽ ዕጢ ሁሉ አይወጣም። 4 ሴንቲሜትርና ከዚያ በታች የሆኑት በአማካይ በዓመት 3 ሚሊሜትር ገደማ ነው የሚያድጉት፤ አንዳንዶቹ ለዓመታት ባሉበት ይቆማሉ። በተለይ ዕድሜው ለገፋ ሰው ማየትና መጠበቅ ራሱን የቻለ ሕክምና ነው። አንጂዮማዮሊፖማም ትንሽ ከሆነ ይጠበቃል፤ 4 ሴንቲሜትር ካለፈ የመድማት አደጋው ስለሚጨምር ሐኪሙ ሌላ ሐሳብ ያነሳል።

ለመጠበቅ ሦስቱም መሣሪያዎች ይሆናሉ። የመጀመሪያው በሲቲ ወይም በኤምአርአይ ቢሆን ጥሩ ነው፣ መነሻ ልኬት ይሆናል። ከዚያ በአልትራሳውንድ በደንብ የሚታይ ከሆነ አብዛኛውን ክትትል በእሱ ማድረግ ይቻላል። የማይታይ ከሆነ ሲቲና ኤምአርአይ። ለወጣት ኤምአርአይ፣ ለአረጋዊ ሲቲ የሚለው አካሄድ አይከፋም።

ልኬት ሲነጻጸር ሁለት ነገር ይጠብቁ። አንዱ ማሽን ከሌላው ጥቂት ሚሊሜትር ሊለያይ ይችላል፤ በአልትራሳውንድ 22 የነበረ በሲቲ 25 ሲሆን «አደገ» ብለው አይደንግጡ። ሁለተኛ፣ አዲሱ ምስል ካለፈው ጋር ብቻ ሳይሆን ከመጀመሪያው ጋር ይነጻጸር። በየዓመቱ 2 ሚሊሜትር የሚጨምር ዕጢ ካለፈው ጋር ሲታይ «ለውጥ የለም» ይባላል፤ ከአራት ዓመት በፊት ከነበረው ጋር ሲታይ ግን 8 ሚሊሜትር አድጓል። ስለዚህ የመጀመሪያውን ሲዲ ይያዙ። ወረቀቱን ብቻ አይደለም፤ በስልክ ፎቶ የተነሳ ፊልምም አይበቃም፤ ቁጥሩ የሚነበበው ከሲዲው ነው። ሲዲ ስለሚበላሽ ኮምፒዩተር ወይም ፍላሽ ላይ ይገልብጡት፣ ቀጠሮ በሄዱ ቁጥር ይዘውት ይግቡ።